ሊሾ የለበሰ ከተማ

«አንተ ግቢህን ሲሚንቶ ባታለብሰው ኖሮ ይህ ሁሉ ውኃ እኔ ቤት ምን ሊሠራ ይመጣ ነበር?»

ይህን የጠየቁኝ ከእኔ ግቢ ዝቅ ብሎ ባለው ቤት የሚኖሩ፣ መላው ሰፈር «እማማ» እያለ የሚጠራቸው አረጋዊት ናቸው። ጊዜው ከሦስት ክረምት በፊት፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ የጀመረው ዝናብ አንድ ሰዓት እንኳ በቅጡ ሳይዘንብ ቤታቸው ውስጥ ውኃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ደርሷል። ፍራሻቸው ጠረጴዛ ላይ ተሰቅሏል፤ የጤፍ ከረጢታቸው ከሥሩ ረጥቧል፤ እርሳቸው በጆግ እየቀዱ ወደ ውጭ ይደፋሉ፤ እኔ ሱሪዬን ጠቅልዬ በባልዲ አግዛለሁ። ሲጠይቁኝ ቀና አላሉም፤ በድምፃቸውም ቁጣ አልነበረም። መልስ አጣሁ። ውድ አንባቢዎቼ፣ እኔ ቀን ቀን በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ ማታ ደግሞ ስንኝ የምቋጥር ሰው ነኝ። ቁጥር እንጀራዬ፣ ቃል ወጤ ነው እያልኩ ከጓደኞቼ ጋር እቀልዳለሁ። ያን ዕለት ሁለቱም ከዱኝ።

ግቢው ከአባቴ የወረስኩት ነው። በልጅነቴ አንድ የኮክ ዛፍ፣ ጌሾ፣ ጤና አዳምና የጎመን መደብ ነበረው። ክረምት ሲገባ ጭቃ ይሆናል። እንግዳ ሲመጣ እናቴ በሩ ላይ ጆንያ ታነጥፍና «በጭቃ አስቸገርናችሁ» እያለች ትሸማቀቃለች። ያ መሸማቀቅ በእኔም ልብ ውስጥ አብሮኝ አደገ። የሠራተኛ ብድር እንደተፈቀደልኝ የመጀመሪያ ሥራዬ የኮኩን ዛፍ አስቆርጬ፣ መደቡን አስደልድዬ፣ ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ሊሾ ማስደረግ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ከጭቃ ወጣህ» አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ከድህነት የወጣሁ ያህል ተሰማኝ። በዚያው ክረምት መግቢያ በአንድ የግጥም ምሽት ላይ ዝናብን የሚጠራ ግጥም አነበብኩ። ጭብጨባም አላነሰኝ። ከግጥሙ ሁለቱን ስንኝ ለቅጣቴ ያህል ልጥቀስ፦

ዝናብ ሆይ ውረድልን፣ በከተማው ላይ፣
አቧራውን እጠበው፣ ይጥራልን ሰማይ።

ውረድ ያልኩት ወረደ። የት እንደሚያርፍ ግን ግጥሜም ሊሾዬም አላሰቡበትም ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የባንክ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ሒሳብ ሠራሁ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ግቢዬ ጣራውን ጨምሮ 200 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ከባድ የነሐሴ ዝናብ 40 ሚሊ ሜትር ቢሰጠን 8,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትሩን በርሜል 40 ጊዜ የሚሞላ ውኃ ነው። ቀድሞ ከዚህ ውስጥ የጎመኑ መደብ፣ የኮኩ ሥርና የላላው አፈር የቻሉትን ይጠጣሉ፤ የቀረውን እያዘገሙ ይለቁታል። እኔ ያን ሒሳብ ዘጋሁት። የፍሳሽ መሐንዲሶች ከሚወርደው ዝናብ ምን ያህሉ ጎርፍ ሆኖ እንደሚሄድ የሚገምቱበት ቁጥር አላቸው፤ ለአስፋልትና ለሲሚንቶ ከመቶ ከ70 እስከ 95 ይሰጡታል፤ ለጥ ላለ የሣር መሬት ግን እንደ አፈሩ ዓይነት ከ5 እስከ 20 ብቻ። እንግዲህ ያ አርባ በርሜል ሊሾው ላይ ተንሸራቶ፣ በበሩ ሥር ሾልኮ፣ በእማማ ደጃፍ ገባ ማለት ነው። ባለ ሒሳቡ ሳይፈቅድ ዕዳን ወደ ሌላ ሰው ሒሳብ ማዛወር በእኛ መሥሪያ ቤት ያስከስሳል። በሰፈር ግን «እንኳን ከጭቃ ወጣህ» ያሰኛል!

አሁን የእኔን ግቢ ትታችሁ አዲስ አበባን ተመልከቱ። ከተማችን በሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚቆመው እንጦጦ ተነሥታ፣ በደቡብ 2,100 ሜትር ገደማ ወደሆነው አቃቂ የምታዘቀዝቅ ተዳፋት ናት። በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠራቅሞ ይወርዳል። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ቁልቁል የሳባቸው ፍል ውኃው ነው፤ ፊንፊኔ የሚለው የኦሮምኛ ስሟም የሚያያዘው ከዚያው ከምንጩ ጋር ነው። ውኃ የወለዳት ከተማ ውኃን እንደ ጠላት ስታይ ከማየት በላይ የሚገርም ነገር አላውቅም። የወንዞቿን ስም ስሙልኝ እስቲ፦ ግንፍሌ። ባንተ ይቀጡ። የሥርወ ቃል ሊቅ አይደለሁም፤ በእኔ ጆሮ ግን «ግንፍሌ» እሳት ላይ ተረስቶ ከገነፈለ ድስት ጋር ይዛመዳል፤ «ባንተ ይቀጡ» ደግሞ ተርጓሚ አይሻም። የቀደሙት ሰዎች የወንዞቹን ጠባይ በስማቸው ላይ ጽፈው የተዉልን ይመስለኛል። እኛ የታክሲ መውረጃ ስም አድርገን አነበብነው። ሳር ቤት ሄዳችሁ ሣር፣ ወይራ ሰፈር ሄዳችሁ ወይራ ፈልጉና ስንት እንዳገኛችሁ ንገሩኝ።

ቅጣቱ በግጥም ብቻ አልቀረም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በወረደ አንድ ዝናብ የመጣው ጎርፍ ሰባት ሰዎችን ገደለ። ከዚያ በፊት በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የደረሰውን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በዚያ ሌሊት ግን ከላይ ከደጋው የዘነበው ዝናብ ደኑ ተመንጥሮ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ያለ ከልካይ ወርዶ፣ ከ250 በላይ ሰው በተኛበት ወሰደ። «እያሳሳቀ ይወስዳል ውኃ» የሚለውን ተረት ስንተርት እናድራለን፤ ደቻቱ ግን ሲስቅም አልታየ።

በዚህ ላይ የዓለም ሙቀት አለ። ሳይንሱ ቀላል ነው፤ አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የውኃ ተን መሸከም ይችላል። የተሸከመውን ሲያራግፈውም በአንድ ጊዜ ያራግፈዋል። ስለዚህ አያቶቻችን ያውቁት የነበረው የክረምት ዝናብ ነው እያልን የምንጠብቀው እንግዳ፣ ሻንጣው ከብዶ ነው የሚመጣው። እኛ ደግሞ በመጣ ቁጥር የሚያርፍበትን ክፍል እየቀነስን በሊሾ እንቀበለዋለን።

መፍትሔ ተብሎ የሚነገረው «አረንጓዴ መሠረተ ልማት» የሚባለው ነገር ነው። ሐረጉ፣ አልዋሻችሁም፣ የስብሰባ አዳራሽና የታሸገ ውኃ ይሸታል። እኔም ለዓመታት ስሰማው አዛግቼበታለሁ። ነገሩ ግን ከስሙ ይሻላል፤ እኛም ከስሙ በፊት እናውቀዋለን። ጨፌ የምንለው ምንድን ነው? ክረምት ውኃውን የሚይዝ፣ በጋ ለከብቱ ልምላሜ የሚሰጥ ረግረግ መስክ አይደለምን? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የኮንሶ እርከን ዝናቡን ደረጃ በደረጃ እያስቆመ አፈር የሚያጠጣ ሥራ አይደለምን? የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለው ጽድና ወይራስ? ከሥሩ ያለውን አፈር በክረምት ረግጣችሁ ታውቃላችሁ? እንደ ፍራሽ ይሰምጣል እንጂ ጎርፍ አይወርድበትም። እንግዲህ ዋናው ነገር ይኸው ነው፦ ዝናቡን በወደቀበት ቦታ ማስቆም፣ ማስጠጣት፣ ማዘግየት። ሳይቸኩል የሰረገው ውኃ የትም አይጠፋም፤ ከተማዋ ከአቃቂ ጉድጓዶች እየሳበች ከምትጠጣው ውኃ ጋር ይቀላቀላል። ዝናብ ተቀማጭ ገንዘብ ነው። እኛ ግን ተቀማጩን ሁሉ በቱቦ ወጪ አድርገን እየጨረስን፣ በሚያዝያ ጄሪካን ይዘን እንሰለፋለን።

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ፤ የጻፍኩትም ለዚሁ ነውና።

የመጀመሪያ ጠቤ አረንጓዴ ቀለም ያለውን ሁሉ አረንጓዴ ሥራ ከሚሉት ጋር ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት፣ ፓርክና ችግኝ ተከላ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት የከተማዋን መልክ ለውጠውታል። ሁሉንም የማወግዝ ሰው አይደለሁም። የእንጦጦን ባሕር ዛፍ በአገር በቀል ዛፍ ለመተካት የተጀመረው ሥራ ከሥሩ ትክክል ነው፤ ጎርፉን ከአናቱ መያዝ ማለት እርሱ ነውና። እግረኛም መሄጃ አግኝቷል፤ እኔ ራሴ ከሥራ ስወጣ እሄድበታለሁ። ነገር ግን እየሄዳችሁ ዝናብ ሲዘንብ ቆም ብላችሁ አንድ ነገር እዩልኝ። የሣሩ መደብ በድንጋይ ጠርዝ ታጥሮ ከአስፋልቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል። ውኃው አስፋልቱ ላይ፣ ከሣሩ አጠገብ፣ ሣሩን ሳይነካ እየጋለበ ያልፋል። መጨረሻው የፕላስቲክ ጠርሙስ የጠቀጠቀው የፍሳሽ ጉድጓድ ነው። ከስድስት ወር በኋላ በዚያው መንገድ ስታልፉ ያንኑ ሣር ቦቴ መኪና ቆሞ በቱቦ ያጠጣዋል። ነሐሴ ላይ ውኃውን እንዳይጠጣ በድንጋይ ከለከልነው፤ ጥር ላይ በነዳጅ ተሸክመን መጣንለት። ይህን የሚያክል ኪሳራ በእኔ መዝገብ ላይ ብጽፈው የውስጥ ኦዲተር ያስጠራኛል!

መፍትሔውስ? እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ የሚያስፈልገው መዶሻ ነው። የድንጋዩን ጠርዝ በየጥቂት ሜትሩ መክፈትና መደቡን ከመንገዱ ዝቅ አድርጎ መሥራት፤ ጉብታውን ጎድጓዳ ማድረግ። ሌላው ዓለም ውስጥ የመንገድ ዳር የአትክልት ቦታ ጎድጉዶ የሚሠራው መንገዱን እንዲጠጣ ነው። አንድ መሐንዲስ ወዳጄ ይህን ስነግረው ሳቀና «የእኛን አፈር ታውቀዋለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ይደፈናል፣ ውኃ ቶሎ አያሰርግም፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። እንዲህ ባለ ቦታ አፈሩን ቆፍሮ አውጥቶ ጠጠርና አሸዋ መሙላት፣ ከሥሩም ትርፉን ቀስ ብሎ የሚያወጣ ቱቦ መቅበር ያስፈልጋል፤ ከሕንጻ መሠረትም መራቅ አለበት። ወጪ አለው። ግን መረሬው ላይ አራት መስመር አስፋልት ስንዘረጋም ያንኑ አፈር ቆፍረን እያወጣን እኮ ነው! ለጎማ የቆፈርነውን ለውኃ መቆፈር ለምን ይከብደናል?

ስለ ዘንባባውም አንድ ቃል ልናገርና ልለፍ። ዘንባባ ለሆሣዕና ያምራል። ግንቦት ላይ በጠራራ ፀሐይ አውቶቡስ የምትጠብቅ እናት ግን ጥላ ከእርሱ ሥር ብትፈልግ የምታገኘው የግንዱን ውፍረት ያህል ነው።

ሁለተኛው ጠቤ «ቱቦውን አስፉት፣ ይበቃል» ከሚሉት ጋር ነው። ቱቦ አያስፈልግም አላልኩም፤ የተደፈነውን መጥረግ ብቻውን ብዙ ሰው ያድናል። ቱቦ ግን ውኃን አያጠፋም፤ አድራሻውን ይለውጣል እንጂ። የላይኛው ሰፈር ቱቦ በሰፋ ቁጥር የታችኛው ሰፈር ወንዝ ቶሎ ይሞላል። ጎርፉ ጭቃውንና ቆሻሻውን ይዞ በአቃቂ ጎመን የሚያለማውን ገበሬ ማሳ አልፎ፣ አገራችን የመጀመሪያውን የውኃ ኃይል ማመንጫ በተከለችበት በአባ ሳሙኤል ግድብ ይቆማል። ግድቡ በደለል የተሞላው ማን አፈሩን ስለላከለት ነው? እኛው፣ ላይ ሆነን ግቢያችንን ያስዋብነው! እኔና እማማም ያጋጠመን የዚሁ ትንሹ ምሳሌ ነው። በሬ ሥር ያለውን መውረጃ አስፍቼ ቢሆን ኖሮ ውኃው እርሳቸው ዘንድ ይበልጥ ፈጥኖ ይደርስ ነበር።

«ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚልም አለ። ኮፐንሃገን ሀብታም ናት፤ እውነት ነው። ሐምሌ 2 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ግን በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ እስከ 150 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ወርዶባት ምድር ቤቱም መንገዱም በውኃ ተሞላ። በዓመቱ ዕቅድ አወጡ። ቱቦውን ሁሉ ቆፍሮ ከማስፋት ይልቅ አደባባይንና የመናፈሻ ሥፍራን የውኃ ማቆያ ማድረግ በወጪ እንደሚያዋጣ አስልተው ነው የገቡበት። ኤንግሄቨፓርክን የተባለው የቆየ መናፈሻቸው አሁን ደረቅ ቀን ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ የመዓት ቀን ከ22,000 ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ያቁርበታል። ሀብታም የሚያደርገው ይህን ነው፤ ርካሹን መርጦ ያደርጋል። ሁለት ጊዜ ከፍለን አንድ ጊዜም የማንጠቀመው እኛ ደሃዎቹ ነን።

ለተቃዋሚዎቼ የማይደበቅ ነገርም አለ፤ እኔው ላንሣላቸው። ቻይና ኮንግጂያን ዩ የተባለው የመልክዓ ምድር ሊቅ ሲሟገትለት የኖረውን፣ ከተማ እንደ ስፖንጅ ውኃ መምጠጥ አለበት የሚለውን ሐሳብ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥት ደረጃ ይዛው ብዙ ገንዘብ አፍስሳበታለች። ከነዚያ ከተሞች አንዷ የሆነችው ዠንግዡ ግን በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. በአንድ ሰዓት ውስጥ 201.9 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወርዶባት የምድር ውስጥ ባቡሯ ሳይቀር ተጥለቀለቀ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። «ስፖንጁ የታለ?» ተባለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአንድ ሰዓት 200 ሚሊ ሜትር የሚጠጣ ሣርም አፈርም በምድር ላይ የለም። ለዚያ ዓይነት ቀን የሚያስፈልገው ማስጠንቀቂያ፣ ከወንዝ አፋፍ መራቅና ባቡር ማቆም ነው። የእማማ ጤፍ የረጠበው ግን በዠንግዡ ዝናብ አይደለም። በየነሐሴው በሚመጣው፣ ስሙ በዜና በማይነሣው፣ የጎመን መደብ በሚያስቆመው ዝናብ ነው። ኮንግጂያን ዩ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ ክርክሩ ግን አልሞተም።

ሦስተኛው ጠቤ ከራሴ መሥሪያ ቤትና ከመሰሎቹ ጋር ነው፤ የማንንም ስም አልጠራም። ብድር ጠያቂ ሲመጣ የይዞታ ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የጋብቻ ማስረጃ እንጠይቃለን። ቤቱ ከተሠራ በኋላ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ቅጽ ግን በእጄ አልፎ አያውቅም። የራሴን ቤት ለመያዣ ሳስገምት የመጣው ገማች ግቢውን ዞሮ አየና ሊሾውን በካሬ ሜትር ለክቶ ዋጋ ጨመረልኝ። ዛፉ ቆሞ ቢሆንስ ምን ትጽፍለት ነበር ብዬ ጠየቅሁት። «ለዛፍ ዓምድ የለንም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ወረቀቱን አሳየኝ፣ ዓምዱ የለም። የከተማዋ አሥረኛ መሪ ፕላን ከመሬቱ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይላል። ባማረ ወረቀት ታትሟል። እኔ መስኮት ላይ የሚደርሰው ወረቀት ግን ለዛፍ ዓምድ የሌለው ነው። ሰው ደግሞ የሚኖረው በፕላን ሳይሆን በቅጽ ነው።

አረንጓዴው ለማን ነው የሚለውንም ሳላነሣ ባልፍ ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። በየወንዙ አፋፍ ይኖር የነበረው ሰው እዚያ የሄደው ውኃ ወዶ አልነበረም፤ ርካሽ መሬት ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ቀድሞ የሚሞተው እርሱ ነው። ወንዙ ሊዋብ ሲል ቀድሞ የሚነሣውም እርሱ ነው። ከአፋፍ መነሣቱ ሕይወቱን ሊያድን ይችላል፤ አልክድም። ግን ነቅለነው የወሰድንበት ሰፈር ምን ዓይነት ነው? ዛፍ አለው? ወይስ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ብቻ ሆኖ የእርሱ ጣራ ውኃ ደግሞ ከእርሱ ወደ ባሰው ደሃ ይወርዳል? በትኬት የሚገባበት ሣር ውኃ ይጠጣ ይሆናል፤ በፊት አፋፉ ላይ ይኖር የነበረው ልጅ ግን ከውጭ ያየዋል።

በመጨረሻ የምጣላው ከእናንተና ከራሴ ጋር ነው፤ ከእኛ ከሥነ ጽሑፍ ወዳጆቹ ጋር። እኛ ዝናብን ለፍቅር፣ ዛፍን ለትዝታ እናውለዋለን። በየግጥም ምሽቱ ደን ሲጨፈጨፍ እናለቅሳለን፤ ከዚያ ተሳፍረን ሊሾ ወደለበሰ ግቢያችን እንገባለን። ባሕር ዛፍን እንኳ ተመልከቱ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆ መናገሻይቱ ልትለቀቅ ስትል ከባሕር ማዶ መጥቶ ከተማዋን በቦታዋ ያቆማት እርሱ ነው፤ ቅጠሉን ከእንጦጦ በጀርባቸው ተሸክመው የወረዱ እናቶችም በእርሱ ልጅ አሳድገዋል። ውለታው አይካድም። ግን ስለ ሽታው ይህን ያህል ስንጽፍ፣ ከሥሩ ሣር እንደማይበቅልና ራቁቱን የቀረው አፈር ዝናብ ሲመጣ ተጠራርጎ እንደሚወርድ አንድ ስንኝ የጻፈ ሰው አስታውሳችሁ ንገሩኝ። እኔ አልጻፍኩም። ችግኝ ሲተከልም የተተከለውን ቁጥር ይዘን ግጥም እንጽፋለን፤ በሦስተኛው ዓመት ስንቱ በሕይወት እንዳለ ሊቆጥር የሄደ ገጣሚ የለም። ለቆጠራ ከእኔ የሚቀርብ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልሄድኩም።

አምና በሰኔ መግቢያ ሁለት የቀን ሠራተኞች ቀጠርኩና ከአጥሩ ሥር ሁለት ሜትር በአሥር ሜትር የሚሆን ሊሾ አስፈለጥኩ። ስድሳ ሳንቲ ሜትር ተቆፈረ፤ በጠጠር ተሞላ፤ ላዩ ላይ አሸዋና ለም አፈር ተደረገ። የጣራው አሸንዳም ወደዚያ እንዲደፋ አዞርኩት። ጠጠር በተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ከቦታው ሲሶው ያህል ባዶ ነው ብላችሁ ብታሰሉት 4,000 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ከአርባው በርሜል ሃያው መሆኑ ነው። አንድ ወይራና ጥቂት ጌሾ ተከልኩበት። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ቧንቧ የፈነዳ መስሏቸው ነበር፤ ለዝናብ ነው ስላቸው ተያዩና ሳቁ። ከጎረቤት አንዱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ምነው፣ ደህና ሊሾ?» አለኝ።

በነሐሴ ከባዱ ዝናብ ሲጥል ከሥራ ሮጬ መጣሁ። ጉድጓዱ ሞልቶ ትርፉ እንደ ድሮው በበሩ ሥር ሾልኳል። እማማ ዘንድ ስደርስ ውኃው ደጃፉን አልፎ እስከ ምድጃው ድረስ ረጥቧል፤ ፍራሹ ግን አልተነሣም። ጆጉን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እንዴት ሆነ አልኳቸው።

«ከአቻምናው ይሻላል» አሉ። ቀጥለውም በአጥሩ በኩል ወደ ግቢዬ እያዩ «የቀረውንስ መቼ ነው የምታስፈልጠው?» አሉኝ።

የቀረው ሊሾ ላይ የጎረቤት መኪና ያድራል፤ በየወሩ ኪራይ ይከፍለኛል፤ ሊሾውን ያሠራሁበት ብድር ዕዳም ገና አላለቀም። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ጆጉን ተቀበልኳቸው።